አይጧን ወደ አልኮሉ የሚመልሳት ምንድን ነው?

ፈተናው በጣም ቀላል ነው። በአንድ የሽቦ ቤት ላይ ሁለት ጠርሙሶች ይሰቀላሉ፤ በአንደኛው ውኃ፣ በሌላኛው አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ ይሞላል። ውስጥ ያለው አይጠ መጎጥ ካሻው ይጠጣል። በማግስቱ ሁለቱም ጠርሙሶች ይመዘኑና ከየትኛው ምን ያህል እንደጎደለ ይጻፋል። ከዚያ ቦታቸው ይለዋወጣል፤ እንስሳው መጠጡን ሳይሆን የለመደውን ማዕዘን እየመረጠ ተመራማሪውን እንዳያሳስት ነው።

በአሜሪካ ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ከርት ሪችተር፣ እንስሳ የሚበላውንና የሚጠጣውን ራሱ እንዲመርጥ ቢተውት የሰውነቱን ፍላጎት ይናገራል ብለው ያምኑ ነበር። በ1926 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጠነኛ አልኮል በአይጠ መጎጦች ዕድገትና ጠባይ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ጻፉ። በ1940 ደግሞ ከካትሪን ካምፕቤል ጋር ሆነው የአልኮሉን ብርታት ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ምርጫውን ለኩ። አይጠ መጎጦቹ የቀጠነውን አልኮል ከውኃ አስበልጠው ወደዱት፤ እየበረታ ሲሄድ ግን ሸሹት።

በዚያ ዘመን መጠጥ የያዘውን ሰው ብዙዎች የሚያዩት በአንድ ዓይን ነበር፤ ፈቃዱ የላላ፣ ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ነው ይባል ነበር። ቃለ መሐላም ሆነ የጓደኛ ግፊት፣ የደመወዝ ቀንም ሆነ የቤት ጭቅጭቅ የማያውቅ እንስሳ ከሁለት ጠርሙሶች መካከል አልኮሉን ሲመርጥ ግን ያ ፍርድ ብቻውን አይበቃም። ከፈቃድ በታች፣ በአካል ውስጥ የሚሠራ ነገር መኖር አለበት። የቀጣዮቹ ሰማንያ ዓመታት ምርምር ይህን ነገር ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ የተገኘው ፍንጭ ዘር ነበር። በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ፣ ኾርጌ ማርዶነስ በ1940ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አይጠ መጎጦቻቸውን እንደ አጠጣጣቸው ይለዩ ጀመር። ብዙ የሚጠጡትን ከብዙ ጠጪዎች፣ የማይጠጡትን ከማይጠጡት ጋር እያዳቀሉ በትውልዶች ውስጥ ሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎች አወጡ። በ1959 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ዴቪድ ሮጀርስና ጄራልድ ማክለርን ለሌላ ዓላማ ለተዳቀሉ የላቦራቶሪ አይጦች ሁለቱን ጠርሙሶች አቀረቡላቸው። ሲ57 ተብሎ የሚታወቀው ጥቁር አይጥ ከአልኮሉ አዘውትሮ ሲጠጣ፣ ዲቢኤ የሚባለው ዝርያ ግን አልነካም ያለ ያህል ራቀው። እነዚህ አይጦች እኅትና ወንድም እየተዳቀሉ ለብዙ ትውልድ በመራባታቸው የአንድ ዝርያ አባላት በዘር ውርስ ፍጹም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ምግባቸውም ቤታቸውም አንድ ሆኖ ሳለ አጠጣጣቸው ይህን ያህል መራራቁ ዝንባሌው ከወላጅ የሚወረስ መሆኑን ያለ ብዙ ክርክር አሳየ።

ፊንላንድ ውስጥ የአልኮል ሽያጭን በብቸኝነት ይዞ የነበረው የመንግሥት ድርጅት አልኮ የራሱ የምርምር ላቦራቶሪ ነበረው። በዚያ ካለርቮ ኤሪክሰን ያዳቀሏቸው ጠጪና መጠጥ ጠላ አይጠ መጎጦች በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ለዓለም ተዋወቁ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቲንግ-ካይ ሊ እና ሎረንስ ሉሜንግ የራሳቸውን ሐረግ ጀመሩ፤ መስፈርታቸውም ጥብቅ ነበር። ምግብና ውኃ እንደ ልብ እያለ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ5 ግራም በላይ አልኮል በፈቃዱ የሚጠጣ በአንድ ወገን፣ ከ1.5 ግራም በታች የሚጠጣ በሌላ ወገን ተመደበ። በሰርዲኒያ ደሴት፣ ካሊያሪ ከተማ ደግሞ የጃን ሉዊጂ ጌሳ ቡድን በ1980ዎቹ ተመሳሳይ ሥራ ያዘ። ዝንባሌው ይወረሳል፤ የሚወረሰው ግን ምንድን ነው? አይጧ ከወላጆቿ በአንጎሏ ውስጥ ምን ተቀብላ ነው ወደ ጠርሙሱ የምትሄደው?

በ1970 አንድ ደፋር መልስ ቀረበ። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። ቨርጂኒያ ዴቪስና ማይክል ዋልሽ፣ ለብቻቸው ደግሞ ጄራልድ ኮኸንና ማይክል ኮሊንስ፣ ይህ ንጥረ ነገር እንደ ዶፓሚን ካሉ የአንጎል ኬሚካሎች ጋር ተዋሕዶ የሞርፊን ዘመድ የሆኑ ውሁዶች ሊያስገኝ እንደሚችል አሳዩ። ነገሩ እውነት ከሆነ የአልኮል ሱስ ውስጥ ውስጡን የኦፒየም ሱስ ነው ማለት ነው። በ1977 ሮበርት ማየርስና ክርስቲን ሜልኪዮር ከእነዚህ ውሁዶች አንዱን በቀጥታ ወደ አይጠ መጎጦች አንጎል ሲያስገቡ እንስሳቱ ቀድሞ ይሸሹት የነበረውን አልኮል ይጠጡ ጀመር። ይሁን እንጂ በተፈጥሮ ሂደት አንጎል ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሐሳቡ ዋና ማብራሪያ ሆኖ ሊዘልቅ አልቻለም። ከእርሱ የተረፈው ጥርጣሬ ግን ፍሬ አፈራ፤ አልኮልና ኦፒየም አንጎል ውስጥ በአንድ በር የሚገቡበት መንገድ አይጠፋም።

ያ በር በ1973 ተገኘ። በባልቲሞር ካንደስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር፣ በኒው ዮርክ ኤሪክ ሳይመን፣ በስዊድን ኡፕሳላ ላርስ ቴሬኒየስ አንጎል ሞርፊንን የሚቀበልበት የራሱ ተቀባይ እንዳለው በየፊናቸው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱን አቀረበ። አንጎል ተቀባዩን ያዘጋጀው ሞርፊን የሚወጣበትን የፖፒ አበባ ጭማቂ እየጠበቀ አይደለም፤ ስለዚህ ራሱ የሚሠራው፣ ሞርፊንን የሚመስል ነገር መኖር ነበረበት።

በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ያንን ነገር እየፈለጉ ነበር። ሂዩዝ ገና ሳይነጋ በብስክሌት ወደ ከተማው ቄራ እየሄዱ የአሳማ አንጎል ያመጡ እንደነበር፣ የቄራው ሠራተኞችም ለትብብራቸው ውስኪ ይደርሳቸው እንደነበር ይተረካል። አንጎሉ ተፈጭቶና ተጣርቶ የሚገኘው ጥቂት ፈሳሽ ይፈተን የነበረው በአንድ ቁራጭ የእንስሳ ጡንቻ ነው። ከጊኒ ፒግ አንጀት ወይም ከአይጥ የዘር ቱቦ የተቆረጠው ጡንቻ በጨው ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲነካው ይኮማተራል፤ እያንዳንዱን መኮማተርም ብዕር በወረቀት ላይ ይሥለዋል። ሞርፊን ጠብ ሲልበት መኮማተሩ ይደክማል። ከአሳማው አንጎል የወጣው ፈሳሽ ሲጨመርም እንዲሁ ደከመ። ወሳኙ ፈተና ቀጥሎ የመጣው ነው፤ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲጨመር ጡንቻው እንደ ቀድሞው መኮማተር ጀመረ። አንጎል የራሱን ሞርፊን ይሠራል።

በታኅሣሥ 1975 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ያ ነገር ኢንኬፋሊን የተባለ፣ ሁለት ዓይነት ያለው ፔፕታይድ መሆኑን ገለጸ። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች በክር እንደ ተሰካ ጨሌ ተከታትለው የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ በጣም ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። ኢንኬፋሊን አምስት አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት፤ ሁለቱ ዓይነቶች የሚለያዩትም በመጨረሻዋ አንዷ ነው።

በማግስቱ ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ ቾ ሃኦ ሊ የኢንኬፋሊንን ረጅም ዘመድ ታሪክ ቋጩ። እርሳቸው ቀደም ብሎ ስብን ከማቅለጥ ጋር ግንኙነት አለው የተባለ ሆርሞን ይፈልጉ ስለነበር፣ ግመል ቀጭን እንስሳ ናት በሚል ሐሳብ ከኢራቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ የግመል ፒቱታሪ ዕጢዎች አስመጥተው ነበር። የፈለጉትን ሆርሞን አላገኙም፤ ከእርሱ የተቆረጠ የሚመስል 31 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ ግን አገኙ። ኢንኬፋሊን ሲታወቅ፣ የግመሉ ቁራጭ በመጀመሪያው ላይ አምስቱን የኢንኬፋሊን አሚኖ አሲዶች እንደያዘ ተስተዋለ። ይህ ቤታ-ኢንዶርፊን ነው። በ1979 ደግሞ የስታንፎርዱ አቭራም ጎልድስታይን ዳይኖርፊን የተባለውን ሦስተኛውን ወገን አስተዋወቁ። ይህኛው ጠባዩ ሌላ ነው፤ ደስታ ሳይሆን ቅሬታና መከፋት ከሚያመጣ ተቀባይ ጋር ይሠራል።

በዚህ የፔፕታይድ ፍለጋ ውስጥ ማንም አልኮልን አላነሳም፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት የሕመም ማስታገሻ ነበር። ወደ ጠርሙሱ የመለሳቸው አንድ መድኃኒት ነው፤ ናልትሬክሶን። የኦፒየም ተቀባዮችን ዘግቶ የሚቆይ፣ የሄሮይን ሱሰኞችን ለማከም የታሰበ መድኃኒት ነበር። በ1980 ሃሮልድ አልትሹለርና ባልደረቦቻቸው ዘንግ ሲጫኑ አልኮል በደም ሥራቸው እንዲገባላቸው ለተማሩ ሪሰስ ጦጣዎች ናልትሬክሶን ሰጡ። ጦጣዎቹ ዘንጉን የሚጫኑበት ጊዜ ቀነሰ። ጣዕም የለም፣ ሽታ የለም፤ አልኮሉ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ መድኃኒቱ የነካው አልኮል አንጎል ውስጥ የሚሰጠውን ዋጋ ነበር።

በፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ወጣቱ ጆሴፍ ቮልፒቼሊ በአይጠ መጎጦች ላይ ሌላ ነገር አስተዋሉ። የኤሌክትሪክ ድንጋጤ የሚደርስባቸው እንስሳት ብዙ አልኮል የሚጠጡት በድንጋጤው ሰዓት ሳይሆን ድንጋጤው ካበቃ በኋላ ነበር። ቮልፒቼሊ እንዲህ አሰቡ፦ በጭንቅ ጊዜ ሰውነት ኢንዶርፊን ያፈልቃል፤ ጭንቁ ሲያልፍ ኢንዶርፊኑ ይጎድላል፤ አልኮል ደግሞ ያንን ጉድለት ይሞላል። ለአይጠ መጎጦቹ ናልትሬክሶን ሲሰጣቸው ከድንጋጤው በኋላ የሚመጣው ጥማት ጠፋ። በካናዳ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ክርስቲና ጂያኑላኪስ ነገሩን በቀጥታ ለኩት፤ የጠጪው ሲ57 አይጥ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል አልኮል ሲነካው ከመጠጥ ጠላው ዲቢኤ ይልቅ አብዝቶ ቤታ-ኢንዶርፊን ያፈልቃል። በቤተሰባቸው የአልኮል ሱስ ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቤታ-ኢንዶርፊን አልኮል ከመቀመሱ በፊት ዝቅ ብሎ፣ ከተቀመሰ በኋላ ከሌሎች ይልቅ ጎልቶ ሲነሳ አዩ። በ1959 ሁለት ጠርሙሶች የለዩአቸው አይጦች ምን ወርሰው እንደነበር አንዱ መልስ ይህ ነው።

አሠራሩም ቀስ በቀስ ግልጽ ሆነ። ዶፓሚን የሚያመነጩ የመካከለኛው አንጎል ህዋሳት ሁልጊዜ የሚገቷቸው ጎረቤቶች አሏቸው። አልኮል የሚቀሰቅሰው ኢንዶርፊን እነዚያን ገቺዎች ዝም ያሰኛል፤ ዶፓሚን ይፈስሳል፤ እንስሳውም ያደረገውን ይደግማል። በ2000 በስክሪፕስ የምርምር ተቋም አማንዳ ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው ሙ የሚባለው የኦፒየም ተቀባይ ዘረ መል የጎደላቸውን አይጦች ሲፈትኑ፣ አይጦቹ አልኮል ለማግኘት ሲደክሙ አልታዩም።

ቮልፒቼሊና አለቃቸው ቻርልስ ኦብራየን ግን ሰው ለመፈተን ቀደም ብለው ተነሥተው ነበር። የፊላደልፊያ 70 ወንድ የቀድሞ ወታደሮች፣ ሁሉም በአልኮል ሱስ የሚታከሙ፣ ለ12 ሳምንታት ገሚሱ በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ናልትሬክሶን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ውጤቱ በ1992 ታተመ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 54 በመቶ ወደ ቀድሞ አጠጣጣቸው ሲመለሱ፣ ናልትሬክሶን ከወሰዱት የተመለሱት 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአጠቃላዩ ቁጥር ይልቅ ብዙ የሚናገረው በውስጡ ያለው ነው። በሕክምናው መካከል አንድ ብርጭቆ ከቀመሱት መካከል፣ ባዶ ክኒን የሚወስዱት 20 ሰዎች ውስጥ 19ኙ ወደቁ፤ ናልትሬክሶን ከሚወስዱት 16 ሰዎች ውስጥ የወደቁት 8 ናቸው። መድኃኒቱ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ አልከለከለም፤ ከእርሷ በኋላ የሚመጣውን ጎርፍ ነው የገታው። በዚያው ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲዋ ስቴፋኒ ኦማሊ ቡድን ተቀራራቢ ውጤት አወጣ፤ በታኅሣሥ 1994 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ናልትሬክሶንን ለአልኮል ሱስ ፈቀደ። ከአርባ ዓመት በላይ አዲስ መድኃኒት ላላየ ሕመም ትልቅ ነገር ነበር።

በሄልሲንኪ የአልኮ ላቦራቶሪ አሜሪካዊው ዴቪድ ሲንክሌር ሌላ ትርጉም ሰጡት። እርሳቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ አልኮል ለጊዜው የተከለከለ አይጠ መጎጥ ሲመለስለት ከቀድሞው አብልጦ እንደሚጠጣ ያሳዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ናልትሬክሶን መወሰድ ያለበት ሰውየው መጠጥ በተወበት ጊዜ ሳይሆን ሊጠጣ ሲል ነው አሉ፤ እየጠጣ ዋጋውን ሲያጣ አንጎሉ ልማዱን ራሱ ይረሳዋል።

ሆኖም መድኃኒቱ ለሁሉም አይሠራም። በ2014 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማ እንዳሰላው፣ በናልትሬክሶን አንድን ሰው ወደ ከባድ መጠጥ ከመመለስ ለማዳን 12 ሰዎች መታከም አለባቸው። ለምን? ኢንዶርፊን የሚያስረዳው የመጠጥን ደስታ ነው። ለዓመታት የጠጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ለደስታ አይደለም። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ እየራቀው፣ ልቡ እየፈራ ነው የሚጠጣው። ይህን ሁለተኛውን ምዕራፍ ያብራራው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ፔፕታይድ ነው።

በ1981 ካሊፎርኒያ፣ ላሆያ በሚገኘው የሳልክ ተቋም ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቻቸው ከብዙ መቶ ሺ የበግ ሃይፖታላመስ ቁራጮች 41 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲአርኤፍ የተባለ ፔፕታይድ አነጠሩ። ሥራው አደጋ ሲመጣ ሰውነትን ለጭንቀት ማሰናዳት ነው። እዚያው ላሆያ፣ በስክሪፕስ ተቋም፣ ጆርጅ ኩብ ይህ ፔፕታይድ አልኮል ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁ። በ1995 ከኤሚሊዮ ሜርሎ ፒክና ከፍሪድበርት ዋይስ ጋር ያወጡት ጥናት ቀጭን የመመርመሪያ ቱቦ በአሚግዳላ፣ ማለትም የፍርሃት ማዕከል በሆነው የአንጎል ክፍል ውስጥ አስገብተው ያገኙትን ያሳያል፤ አልኮል የለመደ አይጠ መጎጥ መጠጡ ሲቋረጥበት ሲአርኤፍ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየጨመረ ይሄዳል።

የኩብ ቡድን አይጠ መጎጦችን ሱሰኛ የሚያደርገው በአልኮል እንፋሎት ነው። በየቀኑ 14 ሰዓት እንፋሎት ባለበት ክፍል፣ 10 ሰዓት ያለ እንፋሎት ይቆያሉ፤ ለሳምንታት። ከዚያ እንፋሎቱ በተቋረጠባቸው ሰዓታት አልኮል የሚያስገኝ ዘንግ ሲቀርብላቸው ካልለመዱት እጅግ አብልጠው ይጠጣሉ። በ2000ዎቹ ሲአርኤፍን የሚያግድ ንጥረ ነገር ወደ አሚግዳላ ሲገባ ይህ ትርፍ መጠጥ ወደ ጤናማው መጠን ወረደ። ሱሰኛ ባልሆኑት ላይ ግን ያው ንጥረ ነገር ምንም አልቀየረም። የዚህ ታሪክ ሁሉ ማጠንጠኛ እዚህ ላይ ነው ያለው። ጠርሙሱ አንድ ነው፣ አልኮሉ አንድ ነው፤ ወደ እርሱ የሚነዳው ፔፕታይድ ግን እንደ እንስሳው ታሪክ ይለያያል። ከመነሻው ደስታ ይስበዋል፤ በኋላ ጭንቀት ይገፋዋል።

ይህን ሐሳብ የሚያጠናክር ፔፕታይድ ስዊድን ውስጥ ቀደም ሲል ተገኝቶ ነበር። በ1982 በካሮሊንስካ ተቋም ካዙሂኮ ታቴሞቶና ቪክቶር ሙት ከአሳማ አንጎል ያወጡት፣ 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ምግብን እንደሚያስወድድና መንፈስን እንደሚያረጋጋ ታወቀ፤ በጭንቀት ረገድ ሥራው የሲአርኤፍ ተቃራኒ ነው። በ1998 ቶድ ቲልና ባልደረቦቻቸው በኔቸር ላይ ሁለት ዓይነት አይጦችን አነጻጸሩ። ይህ ፔፕታይድ ጭራሹን የሌላቸው አይጦች ብዙ አልኮል ጠጡ፤ ስካርም በቀላሉ አልጣላቸውም። ከልክ በላይ የሚያመርቱት ደግሞ ጥቂት ጠጡ፤ በጥቂቱም ሰከሩ። በኢንዲያና ጠጪ አይጠ መጎጦች አሚግዳላ ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከመጠጥ ጠላዎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወደ አንጎላቸው ሲገባላቸው መጠጣቸው ቀነሰ፤ መጠጥ ጠላዎቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

በጣሊያን ካሜሪኖ ዩኒቨርሲቲ ሮቤርቶ ቺኮቾፖና ማውሪትዚዮ ማሲ የሰርዲኒያን ጠጪ ሐረግ ይዘው በ1999 ኖሲሴፕቲን የተባለው፣ ገና በ1995 የታወቀ ፔፕታይድ መጠጣቸውን እንደሚቀንስ አሳዩ። ከዚያም በ2006 ከማርኩስ ሃይሊግ ቡድን ጋር በነዚሁ እንስሳት ውስጥ የሲአርኤፍ ተቀባይ ዘረ መል ልዩነት አገኙ፤ ተቀባዩ በተፈጥሯቸው በዝቶ ነበር። እነዚህ አይጠ መጎጦች አልኮል ሳይቀምሱ ገና የተጨነቁ ናቸው። ሌሎች የረሃብ ፔፕታይዶችም ተራ በተራ መጡ። ጋላኒን ወደ አንጎል ሲገባ መጠጥን ይጨምራል፤ ኦሬክሲንን የሚያግድ መድኃኒት ይቀንሳል፤ የጨጓራው ግሬሊን ሥራው ሲታገድም መጠጥ ይቀንሳል። አልኮል በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ መጠጥ በመሆኑ አንጎል እንደ ምግብም እንደ ዕፅም ሳይቆጥረው አይቀርም።

ከዚያ ትልቁ ተስፋ በሰው ላይ ተፈተነ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሲአርኤፍ ተቀባይን የሚያግዱ ሁለት መድኃኒቶች፣ ፔክሳሰርፎንትና ቬሩሰርፎንት፣ መጠጥ ላቆሙ ጭንቀታም ሕሙማን ተሰጡ። ውጤቶቹ በ2015ና በ2016 ታተሙ። ቬሩሰርፎንት የጭንቀት ሆርሞኖችን ምላሽ በሚገባ አግዷል፤ ሕሙማኑ የመጠጥ ሁኔታ ሲቀሰቀስባቸው የሚሰማቸው አምሮት ግን አልበረደም። ሃያ ዓመት የተለፋበት ሐሳብ በዚህ መልኩ መውደቁ ብዙዎችን አሳዘነ። ይሁንና ፈተናው የለካው አምሮትን እንጂ የሚጠጣውን መጠን አልነበረም፤ አይጠ መጎጦቹም የታከሙት በመጀመሪያዎቹ የማቋረጥ ሰዓታት ሲሆን ሕሙማኑ ከዚያ አልፈው ነበር። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚወስደው ድልድይ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ የጊዜና የመለኪያ ልዩነቶች ነው።

ቀጣዩ ፍንጭ የመጣው ከእንሽላሊት ምራቅ ነው። በ1992 በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ኢንግ ጊላ ከሚባለው መርዘኛ የበረሃ እንሽላሊት ኤክሰንዲን-4 የተባለ ፔፕታይድ አወጡ። ጂኤልፒ-1 ከሚባለው፣ ከምግብ በኋላ አንጀት ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ኤክሰናታይድ በሚል ስም በ2005 የስኳር በሽታ መድኃኒት ሆነ። ጂኤልፒ-1 በአንጎል ግንድ ውስጥም ይመረታል፤ ተቀባዮቹ ዶፓሚን በሚፈስባቸው ክፍሎች ይገኛሉ። በስዊድን ጎተንበርግ ኤሊሳቤት ያርልሃግና ባልደረቦቻቸው በ2013 ኤክሰንዲን-4 የአይጠ መጎጦችን መጠጥ እንደሚቀንስ፣ አልኮል የሚያፈስሰውን ዶፓሚንም እንደሚገታ አሳዩ።

ምርምሩ ቀጥሎ ወደ ካሪቢያን ደሴት ሴንት ኪትስ ተሻገረ። በ17ኛው መቶ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ የተወሰዱ ቬርቬት ጦጣዎች በደሴቲቱ በዝተው ይኖራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አልኮል ሲቀርብላቸው በፈቃዳቸው አብዝተው ይጠጣሉ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳዩት፣ ኤክሰናታይድም ሆነ የዚሁ ወገን መድኃኒት የሆነው ሊራግሉታይድ የተሰጣቸው ጠጪ ጦጣዎች መጠጣቸውን ቀነሱ። በ2022 ኮፐንሃገን ውስጥ 127 ሰዎች ላይ የተደረገው የኤክሰናታይድ ፈተና ግን በአጠቃላይ ከባድ የመጠጥ ቀኖችን አልቀነሰም፤ የቀነሰላቸው ከልክ በላይ ውፍረት ለነበራቸው ብቻ ነው። አሁንም ያው ነገር ነው፤ ፔፕታይዱ የሚሠራው እንደ ባለቤቱ አካል ሁኔታ ነው።

በ2023 ከስዊድንና ከአሜሪካ የወጡ ጥናቶች ሴማግሉታይድ የተባለው የዚሁ ወገን መድኃኒት በአይጦችና በአይጠ መጎጦች ላይ መጠጥን እንደሚቀንስ አሳዩ። በየካቲት 2025 የክርስቲያን ሄንደርሾት ቡድን በአሜሪካ 48 ሰዎች ላይ ለዘጠኝ ሳምንታት ያደረገውን የመጀመሪያ ፈተና አሳተመ። ሴማግሉታይድ የወሰዱት በላቦራቶሪ የተሰጣቸውን አልኮል ከሌሎቹ አሳንሰው ጠጡ፤ አምሮታቸውም ቀነሰ። የሚጠጡባቸው ቀናት ብዛት ግን ከሌሎቹ አላነሰም፤ ያነሰው በሚጠጡበት ቀን የሚቀዱት ብርጭቆ ነው። በፊላደልፊያ ናልትሬክሶን በቀድሞ ወታደሮች ላይ ያሳየውን ያስታውሳል፤ ሁለቱም መድኃኒቶች የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ሳይሆን የምትከተላትን ነው የሚነኩት። አሁን በተለያዩ አገሮች የተጀመሩት ሰፋፊ ፈተናዎች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፤ የትኛው ሕመምተኛ፣ በየትኛው የሕመሙ ደረጃ ላይ፣ ከየትኛው ፔፕታይድ መንገድ ይጠቀማል?